ሜክሲኮ፣ የጣሊያኑ ንጉሥና ሰው አልባዋ ደሴት

«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚለውን የወያላ ጩኸት ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። እኛም ስንት ዓመት ተጋፍተን ወጥተንበታል፣ ተጋፍተን ወርደንበታል። ሰፈሩ ለምን ሜክሲኮ ተባለ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ ደግሞ የአብዛኞቻችን መልስ አንድ መስመር ነው፤ «ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ስላለች ነው» እንላለን። መልሱ ልክ ነው። እነሱም አልረሱትም። በ1954 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሜክሲኮን ጎብኝተዋል፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በአገራችን ስም የተሰየመ አደባባይ አለ፤ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላቸው። የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው።

ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። የማናውቀው፣ ሜክሲኮዎች ከዚያ ንጉሥ ጋር የቆየ ጉዳይ እንደነበራቸው ነው። ሙሶሎኒ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ የደረበለት ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሮም ቁጭ ብሎ በአንድ ፍርድ አንዲት ደሴት ከሜክሲኮ ላይ ወስዶ ለፈረንሳይ ሰጥቷል። የደሴቷ ስም ክሊፐርተን ነው። ሰው አይኖርባትም። ፍርዱ የተሰጠውም በዋናነት ሰው የማይኖርባት በመሆኗ ነው።

እንግዲህ ይቺን ደሴት ልንጎበኛት ወሰንን። ቪዛ የለን፣ መርከብ የለን፤ የጎበኘናት በስልካችን ነው። የሳተላይት ካርታ ከፍተን ስሟን ጻፍን። ጉብኝቱ ነፃ ነው፤ ዳታ ይበላል እንጂ። ስልኩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አትላንቲክን አሻግሮ፣ መካከለኛውን አሜሪካ አልፎ፣ ሰማያዊ ብቻ የሆነ ቦታ ላይ አቆመን። ደጋግመን ካቀረብነው በኋላ አንዲት ቀለበት ታየች። ከሜክሲኮ ጠረፍ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቃ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች የኮራል ቀለበት ናት። ዙሪያዋ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ ሰፋ በሚልበት 400 ሜትር ገደማ፣ በሚጠብበት 45 ሜትር ብቻ ነው፤ ከባሕሩ ከፍታውም አብዛኛው ቦታ ላይ ከሁለት ሜትር እምብዛም አያልፍም። መሃሉን ከባሕሩ የተቆረጠ፣ የረጋ ሐይቅ ሞልቶታል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል 29 ሜትር የሚሆን አንድ የእሳተ ገሞራ አለት ብቅ ብሏል። በቃ፣ ያ ነው ተራራዋ።

በአካል መሄድ ለሚፈልግ ደግሞ የፈረንሳይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ወደብ የለም። ማዕበሉ ኮራሉ ላይ ስለሚሰበር ጀልባ ይገለብጣል፤ ታሪኳ በሙሉ ወደ ዳርቻዋ መድረስ ያቃታቸው ሰዎች ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። የደረሰን የሚቀበሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ብርቱካናማ ሸርጣኖችና የባሕር ወፎች ናቸው።

ስሟ የመጣው ጆን ክሊፐርተን ከሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአካባቢው አልፏል ይባላል። ፈረንሳዮቹ ግን ሌላ ስም ሰጥተዋት ነበር። ሁለት መርከቦቻቸው በ1711፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በፈረንጆቹ ስቅለት ዕለት አዩአትና «የሕማማት ደሴት» አሏት። ሜክሲኮዎችም እስከ ዛሬ በዚያው ስም ነው የሚጠሯት። ኋላ የሆነውን ላነበበ ሰው፣ ከሁለቱ ስሞች የትኛው እንደሚስማማት አያጠያይቅም።

አሁን ወደ 1858 እንለፍ። ኋላ ንጉሡ ሲፈርድ ወሳኝ ያለው ይህን ዓመት ነው። ኅዳር ወር ላይ ቪክቶር ለ ኮት ደ ኬርቬገን የሚባል የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን «ላሚራል» በምትባል የንግድ መርከብ ወደ ደሴቷ ደረሰ። ከዳርቻው ግማሽ ማይል ያህል ርቆ፣ እዚያው መርከቡ ላይ ሆኖ፣ ደሴቷ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለዘለዓለም የንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ናት የሚል ጽሑፍ አዘጋጀ። ጥቂት መርከበኞች ከብዙ መከራ በኋላ በጀልባ ወርደው መሬት ረገጡ። ለሁለተኛ ጊዜ ለመውረድ ቢሞከር ማዕበሉ እምቢ አለ። ስለዚህ መርከቧ ባንዲራም፣ ድንጋይም፣ ምልክትም ሳትተው መንገዷን ቀጠለች። መኮንኑ ሆኖሉሉ ሲደርስ ለፈረንሳይ ቆንስላ አመለከተ፤ ቆንስላውም ለሃዋይ መንግሥት አሳወቀና «ዘ ፖሊኔዥያን» በተባለ የከተማው ጋዜጣ ላይ በእንግሊዝኛ አሳተመው። አለቀ። ጋዜጠኝነት ተምረን ስንወጣ «ዜና ታሪክን ይመዘግባል» ተብለን ነበር፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ ደሴት እንደሚያዝ ግን ማንም አልነገረንም።

ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል ፈረንሳይ እምብዛም ዞር ብላ አላየቻትም። በመሃል ደሴቷን የፈለጓት ሌሎች ሆኑ፤ ምክንያቱም የወፍ ኩስ ነው። የባሕር ወፍ ኩስ በዚያ ዘመን ውድ ማዳበሪያ ነበር፤ ለእሱ ሲባል ስንት ደሴት ላይ ባንዲራ ተተክሏል። በ1897 ኅዳር አንድ የፈረንሳይ መርከብ ሲመለስ ሦስት ሰዎች ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ኩስ ሲሰበስቡ አገኘ። ሰዎቹ መርከቡን ሲያዩ የአሜሪካን ባንዲራ ሰቀሉ። አንድ ወር ሳይሞላ «ዲሞክራታ» የምትባል የሜክሲኮ የጦር ጀልባ መጣችና የአሜሪካኑን አስወርዳ የሜክሲኮን አሰቀለች። ከሦስቱ ሁለቱ ተሳፍረው ለመሄድ ተስማሙ። ሦስተኛው ግን «እዚሁ እቀራለሁ» አለ። ቀረም። እስከ መቼ እንደቆየ በፍርዱ ላይ አልተጻፈም። እኛን ከዚህ ሁሉ መኮንንና ባንዲራ ይልቅ የሳበን ይህ ሰው ነው። ምን አስቦ ይሆን? ዕዳ ነበረበት? ፍቅር ከድቶት? ወይስ ሸርጣኖቹ ከሰው ተሽለውበት?

ከ1906 ጀምሮ ደሴቷ እውነተኛ መንደር ሆነች። ኩሱን የማውጣት መብት ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ተሰጠ፣ የባሕር መብራት ማማ ተሠራ፣ ሜክሲኮም ጥቂት ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው ላከች። አዛዡ ራሞን አርኖ ይባላል። (የሚገርመው ሜክሲኮን ወክሎ ደሴቷን ከፈረንሳይ የሚጠብቀው ይህ ሰው የፈረንሳይ ስደተኞች ልጅ ነበር።) ሚስቱ አሊሲያ ሮቪራ አብራው ሄደች፤ እዚያም ልጆች ወለዱ። በ1914 ላይ በዚያች ቀለበት ወንድ፣ ሴትና ሕፃን ተደምሮ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። ስንቅ የምታመጣው መርከብ ከአካፑልኮ በየሁለት ወሩ ትመጣለች። መሬቱ ጥቂት የኮኮናት ዛፎች እንጂ ይህ ነው የሚባል ነገር አያበቅልም፤ ስለዚህ የሰዎቹ ሕይወት በሙሉ በዚያች መርከብ ላይ ነበር።

በሜክሲኮ አብዮቱ ተፋፋመ። መንግሥት ሲገለበጥ፣ ሌላው ሲተካ፣ ሚኒስትር ሲሸሽ፣ ደሴት ላይ ወታደር አለን ብሎ የሚያስታውስ ጠፋ። መርከቧም ቀረች።

በ1914 አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ደርሶ ሁላችሁንም ላውጣችሁ ብሎ ነበር። አርኖ እምቢ አለ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ቬራክሩስን ይዛ ከአገሩ ጋር ተጣልታለች፤ ትእዛዝ ሳይደርሰው ቦታውን ለቆ በጠላት መርከብ የሚሳፈር ወታደር ምን እንደሚባል ያውቃል። በዚህ ጉዳይ እኛ መሃል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሶቻችን «ጀግና ነው» አልን፤ ገሚሶቻችን «ጀግንነቱን ለራሱ ያድርገው፣ ሕፃናቱን ማን ጠየቃቸው?» አልን። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም። ይህን ጽሑፍ የምትጽፈው ግን ከሁለተኞቹ ወገን ናት።

ከዚያ የመጣው ስከርቪ ነው። ቫይታሚን ሲ ያጣ ሰውነት ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ የዳነ ቁስሉ ተመልሶ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ምግባቸው የወፍ ሥጋ፣ የወፍ እንቁላልና ዓሣ ነበር፤ መድኃኒታቸው ደግሞ እነዚያ ጥቂት የኮኮናት ዛፎች። ለሁሉም አልደረሰም። ሰዎቹ ተራ በተራ አለቁ። አርኖ በስተመጨረሻ ከሩቅ የምታልፍ መርከብ አየሁ ብሎ ከቀሩት ወንዶች ጋር በጀልባ ወጣ። ጀልባዋ ሰጠመች፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። መርከቧ ራሷ የረሃብ ቅዠት ነበረች የሚሉም አሉ።

ደሴቷ ላይ አንድ አዋቂ ወንድ ቀረ፤ የመብራት ማማው ጠባቂ ቪክቶሪያኖ አልቫሬስ። የቀረውን መሣሪያ ሰበሰበና «የደሴቷ ንጉሥ ነኝ» አለ። ሴቶቹን እያፈራረቀ ደፈረ፤ እምቢ ያሉትን ገደለ። ስለ ክሊፐርተን በየቦታው የተጻፈውን ስናገላብጥ ብዙው ርዕስ እሱ ነው፤ «የክሊፐርተን ንጉሥ»፣ «እብዱ ንጉሥ»፣ ሌላም ሌላም። የመንደር ደፋሪ ዘውድ ተጭኖለት ሲተረክ ማንበብ ደስ አይልም። በዚያው ጊዜ እነዚያ ሴቶች እንቁላል እየለቀሙ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ሬሳ እየቀበሩ፣ የራሳቸውንም የሟቾችንም ልጆች እያሳደጉ ነበር። ለእኛ የደሴቷ ታሪክ ይሄኛው ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1917፣ የካቲት 5 ቀን፣ ሜክሲኮ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጀች። አንቀጽ 42 የአገሪቱን ግዛት ሲዘረዝር «የሕማማት ደሴትን» በስም ይጠቅሳል። ደሴቷን በሕገ መንግሥት አስገቡ፤ እዚያ በረሃብ ላይ ላሉት ሴቶች ግን አንዲት ጀልባ አልላኩም። በወረቀት ላይ መኖር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሐምሌ ላይ ሴቶቹ ራሳቸው ፈረዱ። ቲርሳ ሬንዶን የምትባለው፣ አልቫሬስ ከሁሉ በላይ ያሠቃያት ወጣት፣ በመዶሻ ገደለችው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ብዙዎቹ ጽሑፎች እንደሚሉት በዚያው ዕለት፣ መርከብ ታየ። «ዮርክታውን» የሚባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ነበር። ያኔ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ መርከቡም አካባቢውን የሚቃኘው የጀርመንን እንቅስቃሴ ፍለጋ ነበር። ሰው ይኖራል ብሎ ፈልጎ አልመጣም። ሐምሌ 18 ቀን 1917፣ በእኛ ሐምሌ 11 ቀን 1909፣ አራት ሴቶችና ሰባት ልጆች ተሳፈሩ። ከ100 ሰው የቀሩት እነሱ ናቸው። መርከበኞቹ በደሴቷ የሆነውን አይተው ነበር፤ ግድያው ግን ለዓመታት ይፋ ሳይወጣ ቆየ። እውነት ሴቶቹን ለመጠበቅ ብለው ከሆነ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለሥልጣን ከሠራው ደግ ሥራ ምናልባት ብቸኛው ነው።

አሁን ወደ ንጉሡ እንመለስ። ፈረንሳይና ሜክሲኮ ጠባቸውን ለጣሊያን ንጉሥ ግልግል ለመስጠት የተስማሙት በ1909 ነበር። ቪክቶር ኢማኑኤል ፍርዱን የሰጠው ጥር 28 ቀን 1931 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው! (የእኛ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያበዛል የሚል ካለ ይህን ያንብብ።) በመሃል መንደሩ ተሠርቶ፣ ተረስቶ፣ አልቆ፣ ሴቶቹ ተርፈው ወደ አገራቸው ገብተዋል።

የሜክሲኮ ክርክር ደሴቷን ድሮ ያገኟት ስፔኖች ናቸው፣ እኛም ከስፔን ወርሰናል የሚል ነበር። ንጉሡ ማስረጃ የለም አለ። ቀጥሎ የፈረንሳይን መዘነ። በደንቡ መሠረት አንድ መንግሥት መሬት ያዝኩ ለማለት በተግባር መያዝ፣ ማስተዳደር አለበት። ነገር ግን፣ አለ ንጉሡ፣ ቦታው ፈጽሞ ሰው አልባ ከሆነ፣ ባለቤት ልሁን ባዩ መንግሥት ብቅ ባለበት ቅጽበት ያለ ተቀናቃኝ በእጁ ገብቷል ማለት ነው፤ ሌላ አያስፈልግም። ስለዚህ በ1858 መርከብ ላይ የተጻፈችው ወረቀትና የሆኖሉሉው ጋዜጣ በቂ ሆኑ። በ1897 የሜክሲኮ ጀልባ የደረሰችው በሰው ንብረት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ዘግይቷል። በዚህ ስሌት መርከቡ ላይ የጻፈው መኮንን ደሴቷን «ያዘ»፤ እዚያ የወለደችው፣ የቀበረችውና የተረፈችው አሊሲያ ግን የሰው ቤት ውስጥ ነበረች።

የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን ቆጡን። ፍርዱ እስከ ዛሬ በዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት የሚጠቀስ ነው፤ ጥያቄው በ1858 ሰው ነበረ ወይ ነው፤ አልነበረም፤ ምን ይደረግ ታዲያ አሉን። እሺ፣ በሕጉ አንከራከርም። እኛን ያልተዋጠልን ቀኑና ሰውየው ነው።

ቀኑን በእኛ እንቁጠረው፤ ጥር 20 ቀን 1923 ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 23፣ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጭነዋል። ከየአገሩ ከመጡት እንግዶች መካከል ጣሊያንን ወክሎ የተገኘው የዚሁ ንጉሥ ዘመድ፣ የኡዲኔው ልዑል ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ሄደ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1936፣ ሙሶሎኒ ሮም ሰገነት ላይ ወጥቶ ያንኑ ማዕረግ ለንጉሡ አወጀለት። ሰው የሌለበት መሬት በማወጅ ይያዛል ብሎ የፈረደው ሰው፣ ሰው የሞላበትን አገር በመርዝ ጋዝ ተወርሮ በማወጅ ሲሰጠው እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ያኔ አርበኞቹ ገና ጫካ ነበሩ፤ ከአገሪቱ ገሚሱም አልተያዘም።

እዚህ ላይ ነው ሜክሲኮ የምትመጣው። በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ዘመን የሜክሲኮ ተወካዮች በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን ተቃወሙ፤ ትልልቆቹ መንግሥታት አንድ በአንድ ሲያጎነብሱ እነሱ ያንን ማዕረግ ሳይቀበሉ ቀሩ። ለደሴቷ ቂም ነው አንልም። የራሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ በትልቅ ጎረቤት ግዛቱ የተወሰደበትና ወራሪ ጦር ዋና ከተማው የገባበት አገር ነው። እንዲያውም የ1931ዱን ፍርድ፣ ቢመራቸውም፣ አክብረውታል። በ1934 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው የደሴቷን ስም ከአንቀጽ 42 ሰረዙ። በአንድ ንጉሥ ፊት ተከራክረው ሲረቱ ፍርዱን የተቀበሉ ሰዎች፣ ያው ንጉሥ ሕግ ጥሶ ሲመጣ አይሆንም አሉ። ንጉሡ ማዕረጉን የተወው በ1943 ነው። በ1947 በስደት አሌክሳንድሪያ ሞተ።

ደሴቷ ዛሬም የፈረንሳይ ናት። ሰው አይኖርባትም፤ ግን የማትጠቅም እንዳይመስላችሁ። ይህቺ ቀለበት በዙሪያዋ ለፈረንሳይ 430,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የባሕር ቀጠና ታስገኛለች፤ የኢትዮጵያን ስፋት ሢሶ ያልፋል። ባሕሩ ቱና ሞልቶበታል። በ2007 በተደረገ ስምምነት ለሜክሲኮ ጀልባዎች የማጥመድ ፈቃድ ተሰጥቷል። ይኸው ነው፤ ድሮ ኩስ፣ አሁን ዓሣ።

የጎበኟት ሁሉ የሆነ ነገር ትተውባታል። የኩስ ሠራተኞቹ አሳማ ተዉ። አሳማዎቹ ሸርጣኑንና የወፉን እንቁላል እየበሉ ደሴቷን ወረሷት። በ1958 ኬኔት ስቴገር የሚባል አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ ጠመንጃ አንሥቶ 58ቱንም ጨረሳቸው፤ ወፎቹና ሸርጣኖቹ እንደገና በዙ። ኋላ ደግሞ ከተሰበሩ መርከቦች አይጦች ወረዱ፤ አሁን የወፎቹ ጣጣ እነሱ ናቸው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1938 ዓሣ ሊያጠምድ መጥቶ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ኤቲየን በ2004 መጨረሻ ከተመራማሪዎች ጋር ሄዶ ወራት ቆይቷል።

ከጎብኚዎቹ ሁሉ ግን አንዱን መርጠናል። ከ1917 ስልሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ዣክ ኩስቶ ስለ ደሴቷ ፊልም ሊሠራ ሲሄድ፣ ዮርክታውን ካወጣቸው ሰባት ልጆች አንዱን ይዞት ሄደ፤ የአርኖና የአሊሲያ ልጅ ነው፣ በአባቱ ስም ራሞን ይባላል። ያኔ ሽማግሌ ሆኗል። የተወለደው እዚያ ነው።